ቀስተኛውና ዒላማው

ግብ ማለት ገና በእጅ ያልገባ፣ ወደፊት እንዲገኝ የሚፈለግ ውጤት ሲሆን፣ ተማሪው ለመልቀቂያ ፈተና፣ ተቀጣሪው ለደረጃ ዕድገት፣ ነጋዴው ለዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ሲጣደፉ በመካከሉ የሚያልፈው ጊዜ፣ የዕድሜያቸው ትልቁ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ይቆጠራል። ከግብ የሚለየውና እዚህ «የልብ ሐሳብ» የተባለው ነገር ደግሞ ሰው አሁን የያዘውን ሥራ በምን መንፈስና ስለምን እንደሚሠራው የሚወስነው ውሳኔ ነው፤ ልጅን ለሐኪምነት ማብቃት ግብ ሲሆን፣ ልጁ ሲናገር የያዙትን ትቶ ማዳመጥ የልብ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመታት ይፈጃል፣ ሁለተኛው ዛሬ ማታ ሊፈጸም ይችላል።

የልዩነቱ ሥር በአርስቶትል «ሜታፊዚክስ» ዘጠነኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ፈላስፋው ፍጻሜያቸው ከራሳቸው ውጭ የሆኑትን ድርጊቶች ፍጻሜያቸውን በራሳቸው ከያዙት ይለያል፤ ቤት የሚሠራ ሰው እየሠራ ሳለ ቤቱን ሠርቷል አይባልም፣ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ሥራው ያከትማል፤ የሚያይ ሰው ግን በማየት ላይ ሳለ አይቷል፣ የሚያስተውልም እንዲሁ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፍልስፍና የሚያስተምረው ኪየራን ሴቲያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው፣ ስለ ዕድሜ አጋማሽ ቀውስ በሚናገር መጽሐፉ ይህን ሐሳብ ወደ ዛሬ ኑሮ አምጥቶታል። ሕይወቱን በሚያልቁ ሥራዎች ብቻ የሞላ ሰው፣ ሲሳካለት ለኑሮው ትርጉም የሰጠውን ነገር ራሱ ጨርሶ ይሸኘዋል፣ እስኪሳካለት ደግሞ የጎደለውን ሲቆጥር ይኖራል።

ጉዳዩን በጥልቀት የመረመሩት ግን ኢስጦኢኮች፣ ማለትም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ በአቴና ከተገናኛቸው ፈላስፎች መካከል የሚጠቀሱት ናቸው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 በጻፈው መጽሐፍ ትምህርታቸውን ሲያስረዳ በቀስተኛ ይመስለዋል፤ ቀስተኛው አቋሙን ማስተካከል፣ ቀስቱን በልክ መሳብና ማነጣጠር በእጁ ነው፣ ፍላጻው ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን ዒላማውን መምታትና መሳቱ ከእርሱ ሥልጣን ውጭ ይሆናል፤ ስለዚህ የቀስተኛው እውነተኛ ፍጻሜ የሚቻለውን ሁሉ በአግባቡ ማድረጉ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ይህን ክፉኛ ነቅፎታል፤ ለመምታት ሳይሆን ለማነጣጠር ሲል የሚያነጣጥር ሰው ነገሩን ገልብጦታል ባይ ነው። ነቀፌታው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ዒላማ ከሌለ ማነጣጠር የሚባል ነገር አይኖርም። ኢስጦኢኮቹን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን ዒላማውን እንዳልጣሉት ያያል፤ ዒላማው ሥራውን አቅጣጫ ያስይዘዋል፣ የሥራውን ዋጋ ግን አይወስንም። ግብን ጨርሶ ስለመተው የሚሰብኩ የዘመኑ ታዋቂ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ግማሹን ነው።

ኢስጦኢኮቹ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድም ነበራቸው፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሴኔካ እንደሚያስረዳው ጠቢብ ሰው በባሕር እጓዛለሁ ሲል የሚያግደው ካልመጣ በቀር የሚል ገደብ በልቡ ያስገባል። ቀጠሮ ሲይዝ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ማለት ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፣ ምንም እንኳ አባባሉ አንዳንዴ ለመቅረት ማመካኛ ቢሆንም።

ግብን ያለ ፍርድ መንቀፍ ግን አያስኬድም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላታም የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለአሥርት ዓመታት ባካሄዱት ጥናት፣ ተለይቶ የታወቀና ፈታኝ ግብ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን ሥራ» ከተባለው ይልቅ የተሻለ ውጤት እንደሚያስመዘግብ አሳይተዋል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ራሱ ሥራውን ሲውጠው ነው። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሠራተኞች በሽያጭ ኮታ ሲጨነቁ ደንበኞች ያልፈቀዷቸውን፣ እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመቱ የባንክና የክሬዲት ካርድ ሒሳቦች እንደከፈቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆኖ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ደንበኛን በቅንነት ማገልገል የልብ ሐሳቡ የሆነ ሠራተኛ ኮታውን ሊስት ይችላል፤ ያልተጠየቀውን ሒሳብ ግን አይከፍትም።

በሥነ ልቦና ሕክምናም ስቲቨን ሄይስና ባልደረቦቹ ያዳበሩት «የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና» የሚባለው ዘዴ ግብን ከእሴት ይለያል፤ ማግባት የሚፈጸም ግብ ሲሆን፣ አፍቃሪ የትዳር ጓደኛ መሆን ግን ማንም ጨርሼዋለሁ የማይለው እሴት ነው። እሴቱ በየዕለቱ ሥራ ላይ እንዲውል የሚረዳ ዘዴ ደግሞ ከጀርመናዊው ፒተር ጎልዊትዘር ጥናት ሊወሰድ ይችላል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰፊው ባስተዋወቀው ስልት ሰው «ይህ ሲያጋጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ድርጊቱን ከታወቀ ጊዜና ቦታ ጋር አስቀድሞ ያስተሳስራል፤ ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ፍተሻዎችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩም ስልቱ ሐሳብን ወደ ድርጊት ለመለወጥ ጉልህ እገዛ እንደሚያደርግ አግኝተዋል። ጎልዊትዘር ስልቱን የቀየሰው ግብን ለማሳካት ቢሆንም፣ ለእሴት ሲውል ሌላ ጠባይ ይይዛል፤ «ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ስልኬን አስቀምጬ ቤተሰቤን ሰላም እላለሁ» ያለ ሰው ዛሬ ቢረሳው እንኳ ነገ በሩ እንደገና ይከፈታልና፣ የሚቆጠርበት ዕዳ ሳይኖር ከዚያው ይጀምራል።