ጅራፍና መክሊት

መርካቶ የሚነግድ ኦርቶዶክሳዊ በዐቢይ ጾም ስለ ራሱ ሥራ ሁለት ታሪክ ይሰማል። በሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ፣ ክርስቶስ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ነጋዴዎችን ከመቅደስ ያስወጣል፤ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታም ይገለብጣል። በስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ደግሞ በተሰጣቸው መክሊት ነግደው ያተረፉት አገልጋዮች ይሾማሉ፤ መክሊቱን የቀበረው ይወቀሳል። ታሪኮቹን ለኑሮው መመሪያ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ደስ ያለውን መርጦ ከመያዝ ይልቅ ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ ይኖርበታል።

ለየብቻ ሲወሰዱ ሁለቱም ያሳስታሉ። ምኩራብን ብቻ የያዘ ሰው ገበያን የኃጢአት ስፍራ አድርጎ ይቆጥርና እምነቱን በመርካቶው ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቶ ወደ ሱቁ ይገባል። ገብር ኄርን ብቻ የያዘው ደግሞ ትርፍን ሁሉ በረከት ይለዋል፤ በርበሬው ላይ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ያተረፈውንም ጭምር። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ንብረቱ የማን ነው? መቅደሱ የአብ ቤት ነበር፤ መክሊቱም የጌታው። የተባረሩት የአብን ቤት የገበያ ቤት ስላደረጉ ነው፤ የተሾሙት ደግሞ ለአደራው ስለታመኑ። ከመቅደስ እንዲወጡ ከታዘዙት መካከል እርግብ ሻጮች ነበሩ፤ እርግብ ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ጠቦት መግዣ ያጣ ድሃ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው። እንግዲህ ያ ገበያ የድሃም ጉዳይ ነበር።

«መክሊት ጸጋን እንጂ ብርን አያመለክትም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን በአንድምታ ትርጓሜያችን «አንድም» ተብሎ የሚጨመረው ምስጢር የፊተኛውን አይሽረውም። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነበር፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል የወይን ቦታ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ ጥቂት የተሰጠው አገልጋይ እንኳ የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ ተረክቧል። አቅሙን የሚያሳንስ ሰው ይህን ልብ ይበል። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ጎረቤቱ ሚዛን እየሰረቀ እሱ ብቻውን ሐቀኛ የሆነ ነጋዴ አይከስርም? ሊከስር ይችላል። ቀራጩ ዘኬዎስም የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ሲገባ ንስሐው ዋጋ እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር። መጽሐፉ ወጪውን አይሸሽግም። ሆኖም ያለ እምነት የቆመ ገበያ የለም፤ ዱቤም ሆነ ዕቁብ የሚሠራው በቃል ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ?

በአዲስ አበባ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የቆየ ጉርብትና አላቸው። ትልቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ መርካቶ ከመዛወሩ በፊት የነበረው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ዛሬም ራጉኤልና አንዋር መስጊድ የቆሙት በነጋዴው መሐል ነው። የቦታ ቅርበት ብቻውን ግን ሰውን አያጸድቅም። በገብር ኄር እሑድ ቅዳሴ ያስቀደሰ ነጋዴ ሰኞ ትርፉን ከመቁጠሩ በፊት ሚዛኑን ይመርምር፤ ያጎደለበት ሰው ካለም ይመልስለት።