ተማሪ ከጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ምን ይዞ ይመለሳል?

የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት የሆኑ ተማሪዎች የጋዜጣ ዝግጅት ክፍልን ሲጎበኙ በቅድሚያ ዓይናቸው የሚያርፈው በካሜራውና በኮምፒዩተሩ ላይ ነው። ይበልጥ የሚጠቅማቸው ግን አንድ ወሬ ዜና ሆኖ እስኪታተም ድረስ የሚያልፍበትን የማጣራት ሂደት ማየት ነው።

በባሕር ዳር የሚዘጋጀው በኩር ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ለአንባቢ የሚደርስ ሳምንታዊ የአማርኛ ጋዜጣ ነው። በሬዲዮ የተነገረ ስህተት በቀጣዩ የዜና ሰዓት ሊታረም ይችላል። በሳምንታዊ ጋዜጣ የታተመ ስህተት ግን እስከሚቀጥለው እትም በአንባቢ እጅ ይቆያል። ስለሆነም ማጣራቱ ከኅትመት በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ሥራው የሚጀምረው በዕቅድ ስብሰባ ነው። ሪፖርተሩ የተመደበለትን ጉዳይ ይዞ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ገበያው ወይም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። ይዞት የተመለሰውን ጽሑፍ አርታኢው ይመረምራል፤ ያልተሟላ ነገር ካገኘ ይመልስለታል። የቋንቋ እርማትና የገጽ ቅንብር ይከተላል። ዋና አዘጋጁ አይቶ ሲፈቅድ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ይላካል።

አርታኢው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ለአርሶ አደሩ ኑሮ ቅርብ ናቸው። ለአብነት ያህል፣ “40 ኩንታል ስንዴ ተገኘ” የሚል ዓረፍተ ነገር ቢቀርብ፣ መጠኑ ከአንድ ሄክታር ነው ወይስ ከአንድ ጥማድ? በተለምዶ 4 ጥማድ እንደ 1 ሄክታር ስለሚቆጠር፣ መለኪያው ቢሳሳት ምርቱ በአራት እጥፍ የተጋነነ ይሆናል። ይህን አምኖ ዘር የሚመርጥ ገበሬ ያልተገኘ ምርት ሲጠብቅ ይከርማል።

የጤፍ ዋጋም እንዲሁ ነው። ነጭ ነው ወይስ ሰርገኛ? በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ቀን? አምራቹ የሸጠበት ነው ወይስ ነጋዴው የቸረቸረበት? እነዚህ ሳይለዩ የተጻፈ ዋጋ ገበሬውን ያለ ጊዜው ያሸጣል፤ የከተማውን ሸማች ደግሞ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

በብዙ የገጠር ቤቶች በስልክ የመጣውን መልእክት ለወላጆቹ የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው። “የማዳበሪያ ማከፋፈያው ቀን ተለውጧል” የሚል ላኪው ያልታወቀ መልእክት ቢደርስ፣ አባት አህያውን ጭኖ በከንቱ ሊደክም ወይም ተራው ሊያልፈው ይችላል። ማጣራትን በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን መልእክቱን ከማንበቡ በፊት ማን እንደላከው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያውቀው እንደሆነ ይጠይቃል። አበው “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” ያሉት ለዚህ ነው።

ጉብኝቱ ፍሬ እንዲያፈራ መምህራን ተማሪዎቹን አስቀድመው ጥያቄ ቢያስይዟቸው መልካም ነው። አንድ ዜና ስንት ምንጭ ይጠየቅለታል? ምንጮች ሲጋጩ ምን ይደረጋል? ስህተት ታትሞ ሲወጣ እርማቱ በየትኛው ገጽ ላይ ይወጣል? ተማሪዎቹ ሲመለሱም የሰሙትን በክበባቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ከሚያነቡት ዜና አንዱን በአቅራቢያቸው ወዳለው ገበያ ሄደው ራሳቸው ቢያጣሩ፣ ያዩትን በተግባር ይማሩታል።