ስም ጠሪውና ደብተር ያዡ

ገበያ ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚገኝ ጃንጥላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። የመጀመሪያው ገዢ የዋጋውን ብዙ እጥፍ ከፍሎ ይረከባል፤ ዘርግቶ ለሕዝቡ ያሳያል፤ እልልታው ጋብ ሳይል «መልሼ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቻለሁ» ይላል። ጨረታው እንደ አዲስ ይከፈታል። ሁለተኛው ገዢም ያንኑ ያደርጋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጃንጥላው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ግን ተገዝቷል ማለት ነው። አጫራቹም ገዢውም ሕዝቡም ጃንጥላ ፈልጎ የመጣ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። የሚሸጠው በሰው ፊት ስም መጠራት ነው፤ ዋጋውን የሚያስወድደው ደግሞ ጎረቤት ቁጭ ብሎ መስማቱ።

በመተማ ዮሐንስና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ መማሪያ ክፍል ሲጎድል፣ ሰው ታሞ ሲወድቅ፣ ሬሳ አገሩ መድረስ ሲኖርበት ገንዘብ የሚገኘው በዚህ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስም የሚጠራ ከያኒና ደብተር የሚይዝ ጎረቤት። ከያኒው ብቻውን ከሆነ ጭብጨባ ይሰበስባል። ደብተር ያዡ ብቻውን ከሆነ ከወር መዋጮ አያልፍም።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ካረፉት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መሬቱ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል፤ ከዱሩ ዕጣን ይለቀማል። ነገር ግን ስለ ከተማዋ ማወቅ የሚገባን ትልቁ ነገር ነዋሪዋ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ ነው። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ደላላው፣ ቡና አፍይዋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ። ከመተማ እስከ ሁመራ ባለው የሰሊጥ አገር በየክረምቱ የሚወርደው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። የአካባቢው ሰው «ሳሉግ» ይለዋል። ሳሉጉ የአገሩን እድር ደጋ ትቶ ነው የመጣው። ቆላ ላይ ቢሞት ጥሩንባ የሚያስነፋለት የለም።

ከሚገጥሙት አደጋዎች አንዱ ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ጥላ ሥር ነው፤ ሠራተኛው የሚተኛውም እዚያው ነው። ሳይታከም የቀረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሕክምናው ግን አለ፤ በአገራችን የተለመደው ጥምር መድኃኒት ለ17 ቀናት በመርፌ የሚሰጥ ነው። 17 ቀን ማለት በአጨዳ ወቅት የዓመት ገቢ ማለት ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢገኝ እንኳ ምግቡ፣ አስታማሚው፣ የመሳፈሪያው ገንዘብ አለ። እንግዲህ መዋጮ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አብሮት ያጭድ የነበረው ሰው ባርኔጣውን ይዞ በሂላ ሂላው ይዞራል። ሂላ ታጭዶ የታሰረው ሰሊጥ እንዲደርቅ ቀጥ ተደርጎ የሚደገፍበት ክምር ነው። ባርኔጣ ዞሮ የሚያመጣው ግን ትንሽ ነው፤ ለትልቁ ነገር ከያኒ ያስፈልጋል።

ከያኒው ብዙ ጊዜ አዝማሪ ነው። በጎንደር ዙሪያ ያለችው ቡርቧክስ ልጆቿን ማሲንቆ አስይዛ በየአገሩ በመላክ የታወቀች መንደር ናት፤ ሠራተኛው የድካሙን ዋጋ በሚቀበልበት ወቅት አዝማሪም ገበያውን ተከትሎ ወደ ቆላ መውረዱ አይገርምም። መሣሪያው ቀላል ነው። ቆዳ የተወጠረበት ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋን። ዋናው መሣሪያ ዓይኑ ነው። ቤት ሲገባ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ ማን ትናንት ስንት ኩንታል እንደሸጠ ያያል፣ ወይም ከአስተናጋጇ ይጠይቃል። ከዚያ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ይነሣል፣ ብሩን አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። የሚቀጥለው ሰው ከእሱ አንሶ መታየት አይፈልግም።

ለበጎ ሥራ በሚደረግ ምሽት ይኸው ጨዋታ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ጥሩ አስተባባሪ ሙዚቃው ሳይጀመር በፊት ተነሥቶ ግንባር ላይ የሚለጠፈው የአዝማሪው፣ ለመዋጮው በቀረበው ሰፌድ ላይ የሚወድቀው የጉዳዩ መሆኑን ለሁሉም ይናገራል። ይህ ያልተነገረበት ምሽት በጭቅጭቅ ያልቃል። አዝማሪ በነፃ ይሥራ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ በዚህ ሁሉ ዘመን «ለማኝ» እየተባለ የተናቀ ባለሙያ ሌሎች ሲሰጡ እሱ ብቻ የዕለት እንጀራውን እንዲተው መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞ ሆዱ የጠገበ አዝማሪ ለሰፌዱ የበለጠ ይተጋል።

ታዳሚውም ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን በአዝማሪው አፍ ይነካዋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ የሚዛን ቤት ሠራተኛ፣ ፊት ለተቀመጠውና እጁን ለሰበሰበው ባለ ሰሊጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊያቀብል ይችላል፦

ሰሊጥ ሲደርቅማ አፉን ይከፍታል፣
ጌታው የደረቀ ዕለት ኪሱን ማን ይፈታል?

ቆላ ውስጥ የዚህን ወርቅ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ባለ ሰሊጡ ከሳቀ በኋላ ጥሬ ገንዘብ እንደሌለው ይናገራል፤ «አንድ ኩንታል በሉኝ» ይላል። አዳራሹ ይጮኻል። ደብተር ያዡ ይጽፋል።

አሁን ወደዚህ ሰው እንምጣ። ብዙውን ጊዜ የእድር ጸሐፊ ነው። እድርን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያሻም፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ሳህኑን፣ ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ሁሉም ያውቃል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእድር አሠራር የአዝማሪው ተቃራኒ መሆኑ ነው። በእድር ሀብታምም ድሃም የሚከፍለው እኩል ነው፤ ስም የሚጠራው ከፋዩን ለማመስገን ሳይሆን ያልከፈለውን ለመቅጣት ነው። ከዚህ የተነሣ ሰው በእድር አይኮራም፣ ግን በእድር ያምናል። ገንዘብ የማሰባሰቢያው ምሽት ሁለቱን ያገናኛል፤ ኩራቱን ከአዝማሪው፣ እምነቱን ከእድሩ ይወስዳል። የአዝማሪው ምሽት በሙስሊሙ ሠፈር በመንዙማና በድቤ ይተካል፤ ደብተሩ ግን ያው ደብተር ነው። መንግሥት ራሱ ይህን መተማመን ለብቻው ትቶታል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚያስተዳድረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም።

ቃል የተገባው ኩንታል እንዴት ይሰበሰባል? ለዚህ ነው የምሽቱ ቀን የሚያስጨንቀው። ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም ማገባደጃ እስከ ጥቅምት ነው፤ ፍሬው ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። በክረምት ሰው ጥሬ ገንዘብ የለውም፣ ብድር ላይ ነው። በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ፋታ የለውም። ስለዚህ የሚመረጠው ሂላው ተራግፎ ኩንታሉ መጋዘን ከገባ በኋላ፣ ገንዘቡም ለሠርግና ለቤት ክዳን ሳይበተን በፊት ያለው ጠባብ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ቃል ሌላ ክፍያ ሌላ ነው። ልምድ ያለው ጸሐፊ በነጋታው ጠዋት፣ ሞቅታው ሳይበርድ፣ ጋሪ አስከትሎ ደጅ ይቆማል። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ የትናንቷን ልንጭን ነበር» ከማለት ሌላ አይናገርም። ሳምንት የዘገየ ጸሐፊ ግማሹን ያጣል።

ከያኒን ለሕዝብ ጉዳይ ማሰለፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር ሐምሌ 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም የኢጣሊያ ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ሕዝቡን የሰበሰበውና ያነቃቃው በንግግርና በዘፈን ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የወሎው ላሊበላና የጎንደሩ ፋሲለደስ ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። ያ ዘመን ግን አንድ ጠባሳ ትቶልናል። ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ሲባል መስጠት ግዴታ ስለነበር፣ ዛሬም ሰው «መዋጮ» የሚለውን ቃል ከመድረክ ሲሰማ ትከሻው ይጠብቃል። አዝማሪው የሚያስቅበት አንዱ ምክንያት ይህን ትከሻ ለማላላት ነው።

በ1977ቱ ረሃብ ዓለምም በዘፈን ገንዘብ ሰበሰበ። ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ ያወጡት ዘፈን በርዕሱ የተራቡት ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ገናን ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሲያከብር የኖረ፣ ያውም ታኅሣሥ 29 ቀን የሚያከብር ሕዝብ ምን እንደሚመልስ ግራ ይገባል። ገንዘቡ ሕይወት አድኗል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በዚያ የዘፈን መዋጮ ተቀባዩ ስም አልነበረውም፤ ሰጪና ተቀባይ በዓይን አይተያዩም ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከየክፍለ ሀገሩ ኪነት የተውጣጡ ከያንያን «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረው ምስጋና ማቅረባቸው የዚያን ጉድለት ጥቂት ሞልቷል ብዬ አስባለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ጨረታው ወደ ስልክ ገብቷል። በብንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ቻናል ላይ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ አርቲስቶች እየተፈራረቁ ገብተው የሰጪውን ስም ይጠሩ ነበር። ግንባርም ሰፌድም የለም፤ አሠራሩ ግን ያው የጃንጥላው ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን አሳጥሮታል፤ ውጭ አገር ያለ የመተማ ተወላጅ በቲክቶክ ላይቭ ተቀምጦ ሊሰጥ ይችላል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ማሲንቆና ደብተር ብቻ ነበሩ የማይቋረጡት።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በገላባት በኩል ሰው ጎረፈ። ከ60 በላይ አገሮች ዜጎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ሱዳናዊው ሐኪም፣ ከስደት የተመለሰው የጎንደር ልጅ፣ የሦስተኛ አገር ሰው ሁሉ አንድ ላይ። ኩመርና አውላላ የሚባሉት መጠለያዎች እስኪከፈቱና ድርጅቶች እስኪደርሱ ድረስ መጀመሪያ የሚቀርበው የነዋሪው ውኃና እንጀራ ነበር። በዚህ በኩል ሱዳኖች እኛን የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። የእነሱ ደቦ «ናፊር» ይባላል፤ ጥሪ ሲሰማ መንደሩ ሁሉ ይወጣል። ጦርነቱ ሲጀመር ወጣቶቻቸው በየሠፈሩ የአስቸኳይ ምላሽ ክፍል የሚሉትን አቋቁመው የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፤ በ2025 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። በናፊር የሚጠራው የሰጪው ስም አይደለም፤ የሚጠራው ሥራው ነው። የእኛ ስም ጠሪ ያንን ይማር ብል ማሲንቆውን ተቀማሁ ሊል ይችላል።

በእርግጥ የስም መጥሪያው መንገድ የራሱ ቀዳዳ አለው። ስሙ ሊጠራ የማይችል ሰው፣ ለምሳሌ አሥር ብር ብቻ ያለው ሳሉግ፣ ከአዳራሹ ኋላ ይቀራል፤ ባርኔጣዋ ስትዞር የመጀመሪያውን ብር የጣለው ግን እሱ ነበር። አንዳንድ አስተባባሪ ይህን አውቆ፣ ትልልቆቹ ቃል ከመግባታቸው በፊት ሰፌዱን ያለ ስም አንድ ጊዜ በየወንበሩ ያዞራል። የዚህ ዙር ገንዘብ ሲቆጠር ድምሩ ብቻ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ነው ማሲንቆው የሚነሣው።

ኩንታሉን ቃል ገብቶ ያላስረከበውስ? እድሩ ሊቀጣው አይችልም፤ ደንቡ ውስጥ የለም። ዳኛም ፊት አይቆምም። ጸሐፊው ስሙን በደብተሩ ዳር ምልክት አድርጎ ይተዋል። በዓመቱ መስከረም ሲገባደድ፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ሲል፣ አዝማሪው ከደጋ ይወርዳል፤ ቡና እየተጠጣ ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጥለታል።