የብዙዎች እናት አበበች ጎበና

የአዘና አባወራዎችና እማወራዎች! ይህን አንብቡ፤ ፊደል ላልቆጠረውም አሰሙት።

አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሰላሌ፣ ሸበል አቦ በተባለ የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ጦርነት ሞቱ። በ10 ዓመታቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። እምቢ አሉና ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ።

በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ፣ ረሃብ ሰው ሲፈጅ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ይህን ቢቃወሙ፣ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ናት የአገር እናት የሆነችው። ሁሉም ግን አምልጣ አትወጣም። ስለዚህ ልጃችሁን ለትምህርት እንጂ ለዳር አታጣድፏት። ወላጅ የሞተበትንም የጎረቤት ልጅ ከማዕዳችሁ አቅርቡት።