ቢጫ ወባ በደምና በቢምቢ ላይ እንዴት ይመረመራል?

«ቢጫ ወባ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ወባን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሐዋስ ሲኾን፥ ቢጫ ወባን የሚያመጣው ግን በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ለወባ የሚደረገው የደም ምርመራ አይገልጠውም፤ የወባም መድኃኒት አይፈውሰውም። እንግዲህ በምን ይታወቃል? ይህንኑ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንዳሳመመና 30,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በ2013 በደቡብ ኦሞ፥ በ2018 በወላይታ፥ በ2020 በጉራጌ እንደገና ታይቷል።

የደሙ ምርመራ በሽታው በጀመረበት ቀን ይወሰናል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቫይረሱ በደም ውስጥ ስለሚገኝ በፒ.ሲ.አር. ዘዴ ራሱን መፈለግ ይቻላል። በኋላ ግን ከደም እየጠፋ ስለሚኼድ፥ የሚፈለገው ሰውነት የሠራው መከላከያ፥ ይኸውም አይ.ጂ.ኤም. የተባለው አንቲቦዲ ነው። ኾኖም ይህ ተገኘ ተብሎ ወዲያው አይፈረድም። አንደኛ፥ የደንጊና የዌስት ናይል ቫይረሶች ዘመዶቹ ስለ ኾኑ ምርመራው አንዱን በሌላው ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛ፥ የተከተበ ሰውም ይኸው አንቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። የታመመበትና የተከተበበት ቀን ካልተጻፈ፥ ላቦራቶሪው የቱንም ያህል የተሟላ ቢኾን ውጤቱን በትክክል ሊተረጕም አይችልም።

ቢምቢ እንደ ሰው አንቲቦዲ ስለማትሠራ፥ በእርሷ ላይ የሚፈለገው ቫይረሱ ራሱ ነው። የተያዙት ቢምቢዎች በብርድ ተጠብቀው፥ በዓይነት፥ በጾታና በቦታ ተለይተው፥ እስከ 50 የሚደርሱት ባንድነት ይፈጫሉ። ደም የጠገቡት ለብቻ ይደረጋሉ፤ የተገኘው ቫይረስ ገና ከጠጡት ደም የመጣ ሊኾን ይችላልና። 1,000 ቢምቢዎች በ20 ክፍል ተመርምረው በአንዱ ክፍል ቫይረስ ቢገኝ፥ ከ1,000 ቢያንስ አንዷ ተይዛለች ማለት ነው።

ዓይነቱን መለየት ከንቱ ድካም አይደለም። በ1960ዎቹ ወረርሽኝ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው በማስተላለፍ ዋናዋ ኤዴስ ሲምፕሶኒ ተብላ የተጠራችው ቢምቢ ነበረች፤ የምትራባውም የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ስፍራ በሚጠራቀም ውሃ ነው። በቤት ያለውን እንስራ መክደን ብቻ አያድንም፤ እንሰቱንም መቍረጥ ቤተ ሰቡን ማስራብ ነው። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ክትባት ነው፤ አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ክትባቱ ወዴት አስቀድሞ መድረስ እንዳለበት የሚያመለክተን ግን ቀኑ በትክክል የተጻፈበት ያ ትንሽ የደም ብልቃጥ ነው።