አንድ ፓኬት፣ ስንት መዝገብ?

በየካ ሚካኤል አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ጤና ጣቢያም ሆነ በሌላው፣ የመድኃኒት ስቶር ሥራ የሚጀምረው ከቢን ካርድ ነው፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። ችግሩ ያው ቀሪ ሌላ ቦታም መጻፍ ሲኖርበት ነው።

ቀድሞ የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባና የቤተሰብ ምጣኔ ፕሮግራሞች የየራሳቸው ቅጽና የአቅርቦት መስመር ነበራቸው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት) ሲቋቋም መስመሮቹን የማዋሃድ ሥራ ተጀመረ። በተቀናጀው ሥርዓት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያውን በአንድ ቅጽ ይልካሉ። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው፤ የግማሽ ወር ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል።

ወረቀቱ ሲዋሃድ ሶፍትዌሩ በዛ። በአገልግሎቱ መጋዘኖች ቪታስ፣ በጤና ተቋማት ዳጉ፣ ለክትባት ኤምብራና ገቡ፤ የሁሉንም መረጃ በአንድ ገጽ ለማሳየት ፋኖስ ተጨመረ። የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ዋና ዋና መድኃኒቶች መኖር አለመኖራቸውን ለብቻው ይጠይቃል።

ታዲያ ሁሉንም ጥሎ አንድ ትልቅ ሶፍትዌር ቢተከልስ? የአሜሪካ አየር ኃይል ሞክሮታል። ከ200 በላይ ነባር የሎጂስቲክስ ሥርዓቶችን ይተካል የተባለው ፕሮጀክት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከበላ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሰረዘ።

ከዚያው አገር ጦር የተሻለ ትምህርት የሚገኘው ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ከነበረው ልምዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ዓይነት መለዋወጫ በየክፍሉ በተለያየ ስምና ቁጥር ይመዘገብ ስለነበር፣ አንዱ መጋዘን ሞልቶ ሳለ ሌላው ያንኑ ዕቃ እንደ አዲስ ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሕግ ለመከላከያው ሁሉ አንድ የዕቃ ካታሎግ እንዲኖር አዘዘ። ዛሬ በዚሁ አሠራር የኔቶ አባላት ለአንድ ዕቃ የሚሰጡት ቁጥር ባለ 13 አሃዝ ነው።

በእኛም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለመድኃኒት ክትትል የጂኤስ1 ባርኮድን መርጧል። ኮዱ ግን ከመለኪያው ጋር መስማማት አለበት። መቶ መቶ ፍሬ የያዙ 20 ፓኬቶች በአንዱ ሥርዓት 20፣ በሌላው 2,000 ተብለው ቢመዘገቡ፣ ሥርዓቶቹን በቀጥታ ማገናኘት ስህተቱን ያፈጥነዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ የተቋማቱ መለያና የመቁጠሪያው አሃድ ይቀድማሉ። እነዚህ ከተስማሙ ቀሪው በዳጉ አንድ ጊዜ ይገባል፤ የመጋዘኖቹ ሥርዓት ጥያቄውን፣ ዲኤችአይኤስ 2ም መኖር አለመኖሩን ከዚያው መውሰድ ይችላሉ።