በቤት በተሠራ አይሮፕላን የበረራ ሰዓት ስለ ማጠራቀም፤ ከመዘዞ የተነሣ ጥያቄ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት መዘዞ በሄድሁ ጊዜ የእኅቴ ልጅ አንድ ደብተር አውጥቶ አሳየኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነው። በደብተሩ ላይ የነደፈው ለአንድ ሰው የሚሆን አይሮፕላን ሲሆን፣ ሞተሩ የአሮጌ ቮልስዋገን፣ እንጨቱም ከአባቱ ባሕር ዛፍ የሚወጣ ነው። «ጋሼ፣ እሱን ሠርቼ 1500 ሰዓት ከበረርሁ አየር መንገድ አይቀበለኝም?» አለኝ። አባቱ ባሕር ዛፉን እንዲያስቆርጥና የቀረውን ሸጦ ሞተር እንዲገዛበት ፈቅዶለት ስለ ነበር፣ ጥያቄው በሣቅ የሚታለፍ አልነበረም። ከዚህ በታች ያለው ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ጥቂት አስፋፍቼዋለሁ።

በመጀመሪያ 1500 ሰዓት የሚለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በደነገገው ዝቅተኛ ልክ መሠረት፣ ለግል አብራሪነት ፈቃድ 40 ሰዓት፣ ለንግድ አብራሪነት 200 ሰዓት (በታወቀ ትምህርት ቤት ለተማረ 150)፣ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት ደረጃ ደግሞ 1500 ሰዓት ያስፈልጋል። አሜሪካ ለንግድ ፈቃድ በጠቅላላው 250 ትጠይቃለች። ሆኖም ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። ከ200ው ውስጥ 100ው አብራሪው ራሱ አዛዥ ሆኖ የበረረው መሆን አለበት፤ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረርን መማር፣ የሌሊት በረራ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረግ ረጅም ጉዞም በየልካቸው ተወስነዋል። በአንድ መንደር ሰማይ ላይ ሲዞሩ መዋል እነዚህን አይሞላም።

ነገሩ ከንቱ ሕልም ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአሜሪካ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ ለትምህርትና ለመዝናናት ሲል ራሱ የሠራ ሰው፣ አይሮፕላኑ ተመርምሮ የምዝገባና የበረራ ፈቃድ ያገኛል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 25 ወይም 40 ሰዓቶች ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ሕዝብ በማይበዛበት ሥፍራ እየበረረ ይፈትነዋል። ፈቃድ ያለው አብራሪ የበረረው ይህ ሰዓት በመዝገቡ ገብቶ ይቆጠርለታል። ወጪውም ይቀላል፤ የቮልስዋገን ሞተር በሰዓት ከ12 እስከ 15 ሊትር ነዳጅ ሲጠጣ፣ ለትምህርት የሚከራየው ባለ አራት መቀመጫ ሴስና ከ30 ሊትር በላይ ይፈጃል። ቁም ነገሩ ግን ፈቃዱ ከአይሮፕላኑ መቅደሙ ነው። ባልተመዘገበ አይሮፕላን፣ ያለ ፈቃድ የተበረረ ሰዓት፣ ሺህም ቢሆን፣ በየትኛውም መዝገብ ዜሮ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለውን አይሮፕላን ለመሥራት ከ1000 እስከ 3000 የሥራ ሰዓት መፍጀት የተለመደ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት የበረራ ደቂቃ አትገኝም።

ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው ምሳሌ ከታሪካችን ጋር የተያያዘ ነው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ ያገለገለን ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ ቺካጎ ሳለ በቀለሙ ምክንያት ከበረራ ትምህርት ቤት ተከልክሎ ነበር። እርሱም በዚያው ትምህርት ቤት በፅዳት ሠራተኝነት ገብቶ ትምህርቱን በጆሮው ይለቅም ጀመር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም ሂዝ ፓራሶል የምትባለውን ትንሽ አይሮፕላን ከተዘጋጀ ዕቃ ገጣጥሞ የሞተር ብስክሌት ሞተር አደረገላት። አይሮፕላኗ የከፈተችለት የትምህርት ቤቱን በር ነው። አብራሪ ያደረገው ከዚያ በኋላ የተማረው ትምህርት ነው። በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ቆየ፤ በ1946 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ሞተ።

በቅርብ ዘመን ደግሞ የሕዝብ ጤና ባለሙያ የነበሩት አቶ አስመላሽ ዘፈሩ አሉ። ለአብራሪነት ትምህርት አመልክተው ቁመታቸው በአንድ ሴንቲሜትር አነሰ ቢባሉ፣ በአዲስ አበባ የቮልስዋገን ሞተር ያላት አይሮፕላን ሠሩ፤ ኬ-570ኤ ብለውም ሰየሟት። ፊደሏ የእናታቸው የኪሮስ መታሰቢያ ሲሆን፣ ቁጥሯ ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለማብረር ያደረጉት ሙከራ አልሰመረም። ለሰውየው ትጋት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

አሁን ወደ መዘዞ እንመለስ፤ ደብተሩን ሳይ እጅግ ያሳሰበኝ ይህ ነበርና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ያህል ነው፤ መዘዞም ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ በዚሁ ደጋ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ብቻ ነው፤ በቀትር 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አየር ያነሰው ሞተር ጉልበቱ ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በቀትር ደጋ ላይ 26 ያህል ቢሰጥ ነው። ክንፉም በሳሳው አየር ራሱን ለማንሣት 20 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ በቆላ በሰዓት 70 ኪሎሜትር ላይ የሚነሣው እዚህ 84 ይፈልጋል። ጉልበት አንሶ የሚፈለገው ፍጥነት ሲጨምር፣ መንደርደሪያው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። በመዘዞ ዙሪያ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ሜዳ ቢገኝ እንኳ ገብስ የተዘራበት ነው።

የጣርማበርን ጉምና ነፋስ ላየ ሰው ብዙ መናገር አያሻም። ከገደሉ አፋፍ አጠገብ ወደ ታች የሚወርደው አየር፣ በ26 የፈረስ ጉልበት ከሚወጣ አይሮፕላን ይፈጥናል። እንጨቱም ቢሆን አይስማማም። ለክንፍ የሚመረጠው ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘመድ ሲሆን፣ ነጭ ባሕር ዛፍ ከእርሱ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን የተሠራችው «ፀሐይ» ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር የነበራት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ኢጣሊያ ወስዳት የኖረችው ይህች አይሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ስለዚህ ለልጁ የነገርሁት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሒሳብና ፊዚክስ ይዘህ ለአብራሪነት ሥልጠና ተወዳደር፤ ያ ቢቀር የአይሮፕላን ጥገና ትምህርት አለ፤ እጅህም የሚወደው እርሱን ነው። አይሮፕላን መሥራቱ ፈቃድ ካገኘህ በኋላ ይደርሳል። እርሱም ዝም ብሎ ቆየና ደብተሩን ገልብጦ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩን ትቼ ክንፉን ብቻ ብሠራና ክብደት ጭኜ መቼ እንደሚሰበር ባየውስ?» አለኝ። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ጥድ ከደብረ ሲና እንዲገዛ ገንዘብ ሰጠሁት። ባሕር ዛፉ እስካሁን አልተቆረጠም።